አንድ ፌስታል ደረሰኝ፦ በሜሪላንድ ያለ ክርክር ያለቀ የፍቺ ጉዳይ

ለምን መዘገብኩት

ሜሪላንድ ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ አንዲት ጠበቃ ደውላ «ፍርድ ቤት ገብተን የማንከራከርበት ፍቺ አለ፤ ባልየው አስተርጓሚ ይፈልጋል» አለችኝ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ሁለቱም ይህን ጽሑፍ አንብበው ፈቅደውልኛል። የሥራ ቦታቸውን፣ ሰፈራቸውንና የልጆቹን ዕድሜ ቀይሬያለሁ፤ ገንዘቡንም አጠጋግቼዋለሁ። የጻፍኩት በዋናነት በአዲስ አበባው ቤት ምክንያት ነው። እዚህ አገር የሚፋታ የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያም አንድ ቤት አለው፤ ካርታውም ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው።

ባልና ሚስቱ

እሱ በዲቪ ቀድሞ መጣ። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሶ አገባት፤ እሷ ወረቀቷ አልቆ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ሆና ሠራች፤ ማታ ማታ ተምራ ነርስ ሆነች። እሱ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ታክሲው ሲቀዘቅዝ ወደ ኡበር ዞረ። የ15 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው።

ዱላም ስድብም አልነበረም። እሷ ቀን ትሠራለች፣ እሱ ሌሊት ይነዳል። ለዓመታት የሚነጋገሩት ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ነበር። በ2023 እሱ ምድር ቤቱን ለብቻው ይዞ መኖር ጀመረ።

ያላቸው ንብረት ይህ ነው፦ 560 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት፣ በላዩ ላይ 325 ሺህ የሞርጌጅ ዕዳ፤ በእሷ ስም 92 ሺህ ዶላር የጡረታ ቁጠባ፤ እሱ የሚሠራባት ቶዮታ ሲዬና፤ አንድ በግማሽ ያለ ዕቁብ። የአዲስ አበባው ቤት በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

መጀመሪያ የተሞከረው ሽምግልና

እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች ገቡ። የንስሐ አባታቸው፣ የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜና የዕድራቸው ሰብሳቢ አራት እሑድ ተከታትለው አነጋገሯቸው። የመጡት ለእርቅ ነበር፤ ስለዚህም የሚጠይቁት ማን እንዳጠፋ ነበር። እሷ በአራተኛው እሑድ «እኔ ጨርሻለሁ» ስትል ወሬው ተቋረጠ። ሚዜው ቤቱ ለልጆቹ እናት ይሁን አለ፤ ባልየው ያን ቀን ከሚዜው ጋር ተቀያየመ። ሁለቱ እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛውን ሲፈልጉ የሜሪላንድ ሕግ ነገሩን ትቶት ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዝሙትም ሆነ ጭካኔ በዚህ ስቴት ለፍቺ ምክንያትነት አይጠራም። የቀሩት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የሁለቱ ስምምነት፣ የማይታረቅ ልዩነት፣ ወይም ለስድስት ወር ተለያይቶ መኖር። አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ ኑሮን መለየትም እንደ መለያየት ይቆጠራል።

ባልየው ተናዶ አንድ ጠበቃ ጋ ሄደ። የተጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ 10 ሺህ ዶላር ነበር፤ «ይህ መነሻ ነው» ተባለ። እሷ በበኩሏ ከሥራ ባልደረባዋ «ኮላቦሬቲቭ» (የትብብር ፍቺ) የሚባል ነገር ሰምታ መጣች። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችለት የመጨረሻ ወረቀት በዚህ መንገድ የሚሠራ ጠበቃ ስልክ ነበር።

የትብብር ፍቺ እንዴት ይሠራል

ነገሩን የጀመረው ስቱዋርት ዌብ የሚባል የሚኒሶታ ጠበቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የፍቺ ክርክር ሰልችቶት ከዚያ ወዲያ ለስምምነት ብቻ እንደሚሠራ ለደንበኞቹ አስታወቀ። በ2009 ስቴቶች ሊቀበሉት የሚችሉት ወጥ የሕግ ረቂቅ ወጣ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2012፣ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ፣ ቨርጂኒያ በ2021 ተቀበሉት።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ባልም ሚስትም የየራሳቸው ጠበቃ ይይዛሉ። አራቱም አንድ የተሳትፎ ውል ይፈርማሉ፦ ያለውን ሁሉ ያለ መደበቅ እናሳያለን፤ እዚህ የተባለው ፍርድ ቤት ለክርክር አይቀርብም፤ ስምምነት ካልተገኘና አንዱ ወደ ክርክር ከሄደ ሁለቱም ጠበቆች ከጉዳዩ ይወጣሉ። ደንበኞቹ አዲስ ጠበቃ ይይዛሉ፣ እንደገና ይከፍላሉ።

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ነው ሁሉንም የሚይዘው። ጠበቃው «እንግዲያው ፍርድ ቤት እንገናኝ» ብሎ ማስፈራራት አይችልም፤ ቢል የራሱን እንጀራ ነው የሚቆርጠው። ደንበኛውም ተናዶ ከመነሳቱ በፊት እስካሁን ያወጣውን ያሰላል። ሁለቱም ወገን ጠረጴዛው ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጠበቆቹ ሌላ ሁለቱ በጋራ የሚከፍሏቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች ይገባሉ። በዚህ ጉዳይ ሦስት ነበሩ፦ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ስሜትን ለመያዝ የምትረዳ አንዲት ኮች፣ ከልጆቹ ጋር ለብቻ የምትነጋገር አንዲት የልጆች ባለሙያ። ማናቸውም አይፈርዱም።

የመጀመሪያው ስብሰባ፣ ከእኔ ስህተት ጋር

ይህ «አይፈርዱም» የሚለው ነገር ለባልየው ሳይገባው ሁለት ስብሰባ አለፈ። የሒሳብ ባለሙያው ስድሳ ያለፋቸው ባለ ሽበት ሰው ናቸው። ባልየው የሚናገረውን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር የሚናገረው፤ ሚስቱን አያያትም። በዕረፍት ሰዓት ቀስ ብሎ «እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሚፈርዱት?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው። «ገለልተኛ ባለሙያ» የሚለውን ሲከብደኝ አንድ ሁለት ጊዜ «እንደ ሽማግሌ ናቸው» ብዬው ነበር። በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ የሚያስታርቀውም ነው፣ የሚወስነውም ነው፣ የሚያጋባውም ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉን ከአፌ አወጣሁት።

ሁለተኛው ስህተቴ ያሳፍረኛል። የሒሳብ ባለሙያው ስለ ዕቁቡ ሲጠይቁ ባልየው «በአራተኛው ወር ወጥቶልኛል» አለ። እኔም በእንግሊዝኛ «ዕጣ አሸንፌያለሁ» በሚል ቃል አሻገርኩት። ሰውየው 20 ሺህ ዶላር ብለው የሎተሪ ገቢ ውስጥ ጻፉ። ሚስትየዋ እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይተናነስም፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት «አሸንፎ አይደለም፣ ተበድሮ ነው በሉት» አለችኝ። በትክክል ሲነገር ነገሩ እንዲህ ነው፦ 20 ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር ይጥላል፤ እሱ ቀድሞ ስለደረሰው ሲዬናዋን ገዝቶበታል፤ አሁን 9 ዙር ቀርቶበታል። ስለዚህ ዕቁቡ ሀብት አይደለም፣ 9 ሺህ ዶላር ዕዳ ነው። መኪናዋም ዕዳውም በእሱ ሒሳብ ሆነ።

የወር ወጪ ቅጹ ላይም እንዲሁ ችግር ነበር። ለጂም፣ ለውሻ ምግብ፣ ለመጽሔት ቦታ አለው። እሱ በየወሩ ለእናቱ 300 ዶላር ይልካል፣ እሷ ለእህቷ 250። ይህ የት ይግባ? መጀመሪያ «ስጦታ» የሚለው ላይ ተጻፈ፤ ስጦታ ደግሞ ሲቸግር ቀድሞ የሚሰረዝ ነው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ። ሰውየው ቅጹ ላይ አዲስ መስመር ጨምረው ከቤት ኪራይና ከምግብ ቀጥሎ አስቀመጡት። ከተገናኙ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

የአዲስ አበባው ቤት

ሦስተኛው ስብሰባ ላይ የሚስትየዋ ጠበቃ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ንብረት ካለ ጠየቀች። ባልየው «የለም» አለ። ሚስትየዋ የቤቱን ነገር ስታነሳ «እሱ የወንድሜ ነው፤ ካርታው በስሙ ነው» አለ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከወንበሯ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ታስቀምጥ ነበር። ምሳዋን ይዛ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፦ የሐዋላ ደረሰኝ። የስምንት ዓመት። ደረሰኞቹ በሙቀት የሚታተሙት ስለሆኑ ብዙዎቹ ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል። እሷ ግን በእያንዳንዱ ጀርባ በእስክሪብቶ ቀኑን፣ ዶላሩንና ለምን እንደተላከ ጽፋለች። «ለመሠረት»። «ለብረት»። «ለሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ»። «ለበርና መስኮት»።

የእሱ ጠበቃ ዕረፍት ጠየቀችና ሌላ ክፍል ገባን። እዚያ ከተባለው በፈቃዱ አንዱን ብቻ እጽፋለሁ፦ አንድ ሀብት ተደብቆ ስምምነት ማስፈረም እንደማትችል፣ ካልተገለጸ ራሷ እንደምትወጣ ነገረችው። ቁጣ አልነበረባትም። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይተን ተመለስን። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞሮ በአማርኛ ተናገረ፦ «የኔ ነው። የኔ ነው ብል ግን ከውስጡ ማንን ላስወጣ ነው?»

ምድር ቤቱ ላይ እናቱ፣ ፎቁ ላይ ወንድሙ ከነቤተሰቡ ይኖራሉ። ቤቱ እሱ ገንዘቡን የላከበት፣ ወንድሙ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያሠራው ነው። የደበቀው ከሚስቱ ለመብላት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ፍርድ ቤት ቢሄዱ ምን ይሆን ነበር? ጠበቆቹ በግልጽ አስረዱ። የሜሪላንድ ዳኛ ዋጋውን ከባልየው ሀብት ሊቆጥረው ይችላል፤ የአዲስ አበባን ካርታ ግን ማዞር አይችልም። የውጭ አገር ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ለፍርድ ቤት ማመልከት፣ ከዚያም ሕጉ ያስቀመጣቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ማሟላት ያስፈልጋል፤ አንዱ ያ አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ካርታው የሦስተኛ ሰው ነው። ወንድሙ «የኔ ነው» ካለ እሷ በዚያ አገር ከአማቾቿ ጋር ሌላ ክስ ልትጀምር ነው።

የወንድሙን ቃል ለማግኘት ጠበቆቹ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ከጠበቃ ሲመጣ ማን ይመልሳል? እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ገቡ። የንስሐ አባታቸውና የዕድሩ ሰብሳቢ በራሳቸው ጊዜ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በስልክ ወንድሙንና እናቱን አነጋገሩ። የነገሯቸው ማንም ከቤቱ እንደማይወጣ፣ የሚፈለገው እውነቱን መጻፍ ብቻ እንደሆነ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ገንዘቡ ከባልየው እንደመጣ የሚገልጽ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ በቴሌግራም ፎቶ ተነሥቶ ደረሰ። ማኅተም የለውም፤ ለፍርድ ቤት ማስረጃነት ምን ያህል እንደሚበቃ አላውቅም። ለዚያ ጠረጴዛ ግን በቃ።

ብሩ ሲወርድ

በጁን 2024 አዲስ አበባ ያለ መሐንዲስ ቤቱን 9 ሚሊዮን ብር ገመተው። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ገደማ፣ ይህ ወደ 158 ሺህ ዶላር ይሆናል። ቀጣዩ ስብሰባ ለኦገስት ተቀጠረ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁላይ 29፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ያን ዕለት ከ57 ወደ 74 ተሻገረ፤ እኛ ስንገናኝ 100 ብር ገደማ ነበር። የሒሳብ ባለሙያው ሰንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር ሲቀይሩ 158 ሺው 90 ሺህ ሆነ። ቤቱ አንድ ጡብ አልጎደለውም።

እሱ «የዛሬው ነው የሚሠራው» አለ። እሷ «የጁኑ ነው፤ ቀጠሮውን ያራዘምነው እኔ ስላልፈለግኩ አይደለም» አለች። ሰውየው ግራ ተጋብተው ትክክለኛው ምንዛሪ የቱ እንደሆነ ጠየቁ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ጥቁር ገበያው እኮ በጁንም ከመቶ በላይ ነበር፤ ራሳቸው ሲልኩ የኖሩት በየትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን ለሰውየው ማስረዳት አንድ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ በዚያ ሩብ ሰዓት ሁለቱ በአንድ ወገን ነበሩ።

መፍትሔው ከፌስታሉ መጣ። የእሷ ጠበቃ «የቤቱን ዋጋ ብንተወውና የወጣውን ዶላር ብንቆጥርስ?» አለች። ደረሰኞቹ ተደመሩ፦ 71 ሺህ 400 ዶላር። ግማሹ 35 ሺህ 700። እሱ ተቀበለ፤ ከሁለቱም ግምት ያንሳልና። እሷ ለምን እንደተቀበለች በኋላ ጠይቄያት ነበር። «ዘጠኝ ሚሊዮኑ ወረቀት ላይ ነው፤ ይህኛው ከእጄ የወጣ ነው» አለችኝ። የቤቱ ባለቤትነት እንዳለ ቀረ፤ 35 ሺህ 700ው እዚህ ካለው ቤት ከእሱ ድርሻ ላይ ተቀናሽ ሆነ። በስምምነቱ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ መፈጸም ያለበት አንድም ነገር የለም።

የሜሪላንዱ ቤት

ቤቱ ከዕዳው በላይ 235 ሺህ ዶላር አለው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 117 ሺህ 500። እሷ ከልጆቹ ጋር እዚያው መቆየት ፈለገች። ችግሩ ወለዱ ነው። በ2021 ሪፋይናንስ ሲያደርጉ (የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር ሲተኩ) 2.875 በመቶ ይዘዋል፤ ወርሃዊ ክፍያው ከግብርና ከኢንሹራንስ ውጭ 1,450 ዶላር ገደማ ነው። በ2024 ጸደይ ወለዱ 7 በመቶ አካባቢ ነበር። ድርሻውን ሁሉ ተበድራ ብትከፍለው ወርሃዊው 2,940 ይደርሳል። የነርስ ደመወዝ አይችለውም።

ዳኛ ቢሆን ልጆቹን የያዘው ወላጅ ቤቱን ከፍቺው በኋላ እስከ 3 ዓመት እንዲጠቀምበት ማዘዝ ይችላል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሽያጭ ነው። እነሱ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ሞርጌጁ በሁለቱም ስም ይቆያል፤ እሷ ትከፍላለች፤ በ4 ዓመት ውስጥ ወለዱ ሲቀንስ ሪፋይናንስ አድርጋ፣ ካልሆነም ቤቱን ሸጣ፣ 81 ሺህ 800 ዶላር (117,500 ሲቀነስ 35,700) ትሰጠዋለች። በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን የከፈለችበትን ታሳየዋለች። አንድ ክፍያ 30 ቀን ካለፈው ቤቱ ወዲያው ለሽያጭ ይወጣል።

አደጋው የእሱ ነው። ስሙ ዕዳው ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ቤት ለመግዛት ይከብደዋል። የእሱ ጠበቃ ቢያንስ ወለድ እንዲጠይቅ መከረችው። «ከልጆቼ እናት ወለድ አልቀበልም» አለ። ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጠበቃዋ ምክሯን አለመቀበሉን የሚገልጽ ወረቀት አስፈረመችው፤ ይህም ተገቢ ነው።

የጡረታው ገንዘብ እኩል ተከፈለ፣ 46 ሺህ ለ46 ሺህ። የሒሳብ ባለሙያው ከቤቱ ጋር ሊያጣፉት አልፈለጉም፤ የጡረታ ገንዘብ ሲወጣ ግብር ያለበት ስለሆነ አንዱ ዶላር ከሌላው ጋር እኩል አይደለም።

ልጆቹ

በሜሪላንድ ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር በዓመት ቢያንስ 92 ሌሊት ካደረ የቀለቡ ስሌት ይለወጣል። ይህን የሰማ ወላጅ ሌሊት መቁጠር ይጀምራል። እዚህም አንድ ስብሰባ ሙሉ ሌሊት ሲቆጠር ዋለ።

ያቆመው የልጆች ባለሙያዋ ይዛው የመጣችው ነው። ትንሿ ልጅ የጠየቀችው በሁለቱም ቤት ቻርጀር እንዲኖር ብቻ ነበር። ትልቁ ደግሞ «ለአባትህ እንዲህ በለው፣ ለእናትህ እንዲህ በላት» መባል ሰልችቶኛል ብሏል። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት መለጠፍ ሲቆም ወረቀቱ ልጁ ሆኖ ነበር ለካ። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ስምምነቱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፦ ወላጆች መልእክታቸውን በራሳቸው ስልክ ይለዋወጣሉ።

ልጆቹ ረቡዕ ማታና በየሁለት ሳምንቱ ዓርብና ቅዳሜ ከአባታቸው ጋር ያድራሉ፤ በዓመት 104 ሌሊት ይሆናል። ለዚህ ሲል እነዚያን ማታዎች መንዳት ተወ። የበዓሉ ሰንጠረዥ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዟል፦ ታንክስጊቪንግና የዲሴምበሩ ገና በተራ፤ የእኛ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ምሳው በተራ ነው። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት በማንም ሳምንት ቢውል አይቀርም።

ያልሠራው

ባልየው ለመነሻ የንስሐ አባቱ ካልተገኙ አልቀመጥም ብሎ ነበር። ካህኑ የምስጢር ውሉን ፈርመው ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ገቡ፤ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ስለ እርቅ ተናገሩ። ክፍሉ ውስጥ በሰዓት የሚከፈላቸው አምስት ሰዎች ነበርን። ሲወጡ የሰዓቱ ክፍያ ሲነገራቸው ደንግጠው «ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም!» አሉ። ትክክል ናቸው። ያው ሰው በኋላ በስልክና በቡና የሠሩትን አይታችኋል።

ኮቿ ለእሷ ጠቀመቻት፤ ለእሱ ፈጽሞ አልሆነችውም። ሁለት ጊዜ ሄዶ ተወው። የልብን ነገር በአስተርጓሚ በኩል መናገር አይመችም፤ እኔም መሐል ቁጭ ብዬ ተሰማኝ። አማርኛ ተናጋሪ ኮች መፈለግ ነበረበት፤ ማንም አላሰበውም።

ጊዜውም ረዘመ። የአዲስ አበባው ቤት በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ኖሮ ጉዳዩ በሰኔ ያልቅ ነበር። ጠቅላላ ወጪው ለሁለቱ 31 ሺህ ዶላር ገደማ ሆነ። ርካሽ የሚል ካለ እኔ አልልም። ብዙ ንብረት የሌላቸው፣ በነገሩም የተስማሙ ሰዎች በአንድ አስማሚ ወይም ራሳቸው ቅጽ ሞልተው በጣም ባነሰ ይጨርሳሉ።

ፍርድ ቤቱ

ጋብቻን የሚያፈርሰው ያው ፍርድ ቤቱ ነው። ስምምነቱ ተፈርሞ በሁለቱ ስምምነት የሚል የፍቺ ማመልከቻ ቀረበ። ሕጉ ጠበቆቹን ከክርክር ቢያግድም ያለቀን ስምምነት ለማጸደቅ እንዲቀርቡ ይፈቅዳል። ችሎቱ በቪዲዮ ነበር፤ ፈቅደው እንደፈረሙና የልጆቹ ነገር እንዴት እንደሆነ ተጠየቁ። 12 ደቂቃ ፈጀ። እሱ ሲዬናዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እሷ ከሆስፒታሉ የዕረፍት ክፍል፣ እኔ ከቤቴ።

ኢትዮጵያ ውስጥም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በስምምነት መፋታትን ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሰጥቶ ስምምነቱን ያጸድቃል። ጠበቃው ከጉዳዩ ይወጣል የሚለው ግዴታ ግን እዚያ የለም።

ሌላ ሰው የሚወስደው

ዱላ ወይም ማስፈራራት ባለበት ቤት ይህ መንገድ አይሆንም። ጠበቆች ከመጀመራቸው በፊት ይህን እንዲጠይቁ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ የሚጠየቀው ግን ለብቻ መሆን አለበት፤ አስተርጓሚውም የቤተሰብ ሰው መሆን የለበትም። የአንዱ የመኖሪያ ወረቀት በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ከሆነም አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

አገር ቤት ያለውን ንብረት በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ማውጣት። በማን ስም እንዳለ ሳይሆን ገንዘቡ ከየት እንደወጣ ይነገር። ልውውጡ እዚህ ባለ ንብረት ያልቅ፤ እዚያ የሚፈጸም ነገር ስምምነት ውስጥ ባይገባ ይሻላል። በብር የሚገመት ነገር ካለ በየትኛው ቀንና በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ ግምቱ ከመምጣቱ በፊት ይፈረም፤ ከመጣ በኋላ እያንዳንዱ የሚጠቅመውን ነው የሚመርጠው።

ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ሰው ፎቶ ያንሳው። ያ ቀለም ይጠፋል።

ሽማግሌ ከስብሰባው ክፍል ውጭ ይሥራ። ዘመድን ማነጋገር፣ ቃል መቀበል፣ የተቀያየመን ማለሳለስ የእሱ ነው። ቁጥሩን ለሚቆጥሩት ይተውላቸው።

አስተርጓሚ የሚቀጥሩ ጠበቆች ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አንድ ሰዓት አብረውት ይቀመጡ። እኔ አሁን ዕቁብ፣ ዕድር፣ ሐዋላ፣ ሽማግሌ፣ ቀለብ የሚሉትን ቃላት በአንድ ገጽ ጽፌ አስቀድሜ እልካለሁ። ዕቁብ ከሚለው ጎን «ማሸነፍ አይደለም» ብዬ በቀይ አስምሬበታለሁ።

አሁን ያለበት

የጡረታውን ገንዘብ ለመክፈል የሚያስፈልገው የተለየ ትእዛዝ፣ ጠበቆቹ «ኳድሮ» የሚሉት፣ ከፍቺው በኋላ ሌላ አራት ወር ወሰደ። የመጨረሻውን የዕቁብ ዙር ጥሏል። እሷ እስካሁን ሪፋይናንስ አላደረገችም፤ ወለዱን እየጠበቀች ነው። የከፈለችበትን ማስረጃ በየወሩ በቴክስት ትልክለታለች፤ እሱም አውራ ጣት ይመልሳል። እናቱ የአዲስ አበባው ምድር ቤት ውስጥ አሉ። ፌስታሉን ጠበቃዋ ስካን አድርጋ መለሰችላት።